የማይነሳው ክስ

ማክሰኞ፣ ማርች 15

አውቶቡስ። ዛሬም። መኪናዬ ጊቢ ውስጥ ቆማ አቧራ ትለብሳለች፣ እኔ ፌርፋክስ ጥግ ቆሜ ጭስ እውጣለሁ። ሚድ ዊልሻየር የማስታምማቸው አሮጊት አረፈድሽ ብለው አኮረፉ። ቁርሳቸውን ሳቀርብ ጀርባቸውን ሰጡኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሰው በሰዓቱ መብላት አለበት።

ጠዋት ቁልፉን አንስቼ ነበር። ገባሁ፣ ቀበቶ አሰርኩ፣ እጄ ሞተሩን ማስነሳት እምቢ አለ። ወጣሁ። ግማሽ ዕድሜዬን በዚህ ከተማ የነዳሁ ሴት፣ ትናንት መንጃ ፈቃድ እንዳወጣች ልጅ ፈራሁ። በራሴ ተናደድኩ። ከዚያ በሐሙሱ ሰውዬ ተናደድኩ፣ ያ ይሻላል።

ሐሙስ የሆነውን፣ ደብተሬ፣ እስካሁን አልጻፍኩልሽም። ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ክሬንሾው መንገድ ላይ ነኝ። ከሥራ እየተመለስኩ፣ ገና ፀሐይ አለ። አንዲት ሴት የልብስ ማጠቢያ ጋሪ እየገፋች ትሻገራለች። ቆምኩላት። ከኋላዬ ያለው ክላክስ። አሁንም ክላክስ። ጋሪው ጎማ ተይዞባት ትታገላለች፣ እሷን ረግጬ ልሂድ እንዴ? ጨርሳ ስትወጣ ነዳሁ። ጎኔ መጣ። መስኮቱን አውርዷል። እኔም የእኔን አወረድኩ፤ ልሰድበው ነበር፣ አንቺን አልዋሽሽም። ክንዱን ዘረጋ። ሽጉጥ። ሁለታችንም እየሄድን ነው፣ አፈሙዙ ፊቴ ላይ ነው።

እመቤቴ ድረሽልኝ አልኩ። በአማርኛ። ሌላ በምን ልጮህ? ፊቱ ልውጥ አለ። ክንዱ ወረደ። ገባው! ሰውየው ሐበሻ ነው። ነዳጁን ረግጦ ተፈተለከ።

ታርጋውን ያዝኩ። ጥግ ቆሜ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ ፖሊስ ጠራሁ። ሐበሻ መሆኑን እያወቅሁ ጠራሁ። እዚህ ላይ አስምሬበታለሁ፣ ወደፊት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ብቻ እንደሚሆን ከወዲሁ ይታየኛል።

አርብ፣ ማርች 18

ያዙት። ሽጉጡ ከመቀመጫው ሥር፣ ጥይቱን እንደጎረሰ። ለፖሊስ ስልክ ነው የያዝኩት፣ ሴትየዋ ተሳስታ ነው ብሏል። ስልክ! ስልክ ከመቼ ወዲህ ነው አፈሙዝ ያወጣው።

መርማሪው በአስተርጓሚ አስረዳኝ። በዚህ ስቴት ሕግ፣ በመንገድ ላይ በሚሄድ መኪና ውስጥ ባለ ሰው ላይ ሽጉጥ መዞ ማስፈራራት ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው። ባይተኩስም። ባዶም ቢሆን። በእጄ ላይ ጻፍኩት፣ እንዳልረሳው። ለአንድ ሳምንት ምን ሆንኩና ነው የምንቀጠቀጠው ስል ነበር። ለካ ስም አለው።

አሁን ደግሞ ይህን ስሚ። ስሙ ሄኖክ ነው። ታክሲ ነጂ። የብሌን ባል! ፌርፋክስ ላይ ፀጉሬን የምትሠራኝ ብሌን። ስንት ዓመት ጭንቅላቴን እሷ ጭን ላይ ጥዬ ስለዚህ ባሏ ጨዋነት ሰምቻለሁ። አንድም ቀን ግን አይቼው አላውቅም። እንዴት ያለ ትውውቅ ነው።

እሑድ፣ ማርች 20

ቤ/ክ። ጾም ነው፣ ምላስ ግን አልጾመም። ከቅዳሴ ስወጣ ሴቶቹ ዝም አሉ፣ ሳልፍ ጀመሩ። አንዷ በግልጽ መጣችብኝ። ሚስቱን ታውቂያት የለ፣ መጀመሪያ ለእሷ አትነግሪም ነበር ወይ አለችኝ። ሲደግንብኝ የማን ባል እንደሆነ መታወቂያ አላሳየኝም አልኳት።

አንድ ነገር አዋቂም አለ። አሪዞና ያለው የአጎቱ ልጅ ሽጉጡን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ገበያ ይሄዳል፣ ማንም ምንም አይለውም። ታዲያ ያልተኮሰ ሰው ምን አጠፋ ይላል። ወገብ ላይ ማንጠልጠልና ግንባር ላይ መደገን አንድ ነው ወይ? እዚያም ቢሆን የሰው ግንባር ላይ ደግን ብለው የፈቀዱለት አይመስለኝም። ሕጉን ለማስረዳት ሞከርኩ። ሳቀብኝ። አንቺ ደግሞ መቼ ጠበቃ ሆንሽ አለኝ።

አንድ ሰው ደንግጠሽ ነበር ወይ ቢለኝ እዚያው በረንዳ ላይ አለቅስ ነበር። ማንም አላለኝም። አንጀቴ አርሮ ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 24

ጋሼ ታፈሰ መጡ። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር፣ ኮት ለብሰው፣ በር ላይ ቆመው። ምን ፈልገው እንደመጡ ገና ደረጃ ሲወጡ ገባኝ።

እሳቸውን እወዳቸዋለሁ። ድሮ ፌርፋክስ ላይ የቅመም ሱቅ ነበራቸው። የሰፈሩን ግማሽ ትዳር የጠገኑት እሳቸው ናቸው። የእኔን መጠገን አልቻሉም፤ ግን ባሌ ጥሎኝ የሄደ ጊዜ ሰው ሁሉ ምን አድርጋው ነው ሲል፣ እሳቸው ምሳ በሳህን ሸፍነው መጥተው፣ አንድ ነገር ሳይጠይቁ አብረውኝ በሉ። ይህን አልረሳም። ሌላ ሰው ቢሆን በር አልከፍትም ነበር።

ክሱን አንሺ ነው ነገሩ። የከሰስኩት እኔ አይደለሁም አልኳቸው። ወረቀቱ ላይ ከሳሽ ተብሎ የተጻፈው የካሊፎርኒያ ሕዝብ ነው፣ እኔ ምስክር ብቻ ነኝ። ጋሼ ታ. ፈገግ አሉ።

«ሕዝቡ የት ነበር ልጄ? መኪናው ውስጥ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

አገር ቤት ተበዳይ ተነስቶ ትቼዋለሁ ካለ ዳኛውም እፎይ ብሎ መዝገቡን ይዘጋል፣ እዚህስ ዳኛ ሰው አይደለም ወይ ይላሉ። ሄኖክ ያለው ግሪን ካርድ ብቻ ነው፣ ዜጋ አይደለም። በጦር መሣሪያ ከተፈረደበት ታስሮ ከዚህ አገርም ሊባረር ይችላል ብሎታል ጠበቃው። ብሌን እህል አልቀመስ ብላለች። ጾሙ ሳይወጣ ታረቂ።

እምቢ አልኩ። እሳቸውም አልከፋቸውም። በመጀመሪያው ጊዜ እሺ እንደማይባል ያውቃሉ።

ቅዳሜ፣ አፕሪል 2

ሦስተኛ ጊዜ መጡ። እሺ አልኩ።

ለምን እሺ እንዳልኩ ላንቺ እውነቱን ልንገርሽ። ስለደከመኝ ነው። አውቶቡሱ ደክሞኛል። የሰፈራችን ባለሱቅ መልስ ሲሰጠኝ ዓይኔን አለማየቱ ደክሞኛል። ፀጉሬ ተፈትቶ በሻሽ ጠቅልዬው እዞራለሁ፣ ሌላ ፀጉር ቤት ብሄድ እዚያም ወሬው ቀድሞኛል። ይቅርታ ይሉታል። እኔ እጅ መስጠት ነው የምለው። ደግሞ ጋሼ ታ. ደረጃዬን ሲወጡ ማለክለካቸውን ሰማሁ።

እሑድ፣ አፕሪል 3

ካልቨር ሲቲ፣ ጋሼ ታ. ቤት። ሽማግሌዎቹ በወንበር፣ እኔ ሶፋ ላይ። ሄኖክ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። ማንገቻ የሚሆን ድንጋይ እዚህ ከየት ይመጣል? ከአፓርታማው አበባ ሥር ያለውን የጌጥ ድንጋይ ነቅሎ ነው። ማናጀሩ ተከትሎት መጥቶ በሩን አንኳኳ። የጋሼ ታ. ልጅ ወጥታ የሃይማኖት ነገር ነው፣ እንመልሰዋለን አለችው። ልስቅ ነበር። ምላሴን ነከስኩ።

መጀመሪያ ያጠፋ ያጠፋውን ይናገር ተባለ። ያልተናገረ አይታረቅም። ሄኖክ አንገቱን ደፍቶ፣ ድንጋዩ ትከሻው ላይ፣ ተናገረ። ስልክ አልነበረም። ሽጉጥ ነው፣ ጥይት ነበረው፣ ፊቴ ላይ ደግኗል። ታክሲው ውስጥ አንዴ ዘርፈውት፣ አንገቱ ላይ ቢላ አድርገውበት ያውቃሉ፣ ከዚያ ወዲህ ሽጉጥ ከእጁ አይርቅም፣ ትንሽ ነገር ደሙን ያፈላዋል። አዘንኩለት። ፈርቶ የሚያስፈራ ሰው ነው ለካ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«እትዬ ትርሲት፣ በእመቤቴ፣ ሐበሻ መሆንሽን ባውቅ ኖሮ አላደርገውም ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አየሽ አይደል፣ አለ አንደኛው፣ አውቆ አይደለም። ክፍሉ በሙሉ ልቡ ቀለለው። እኔም አውርድ አልኩት። ይቅር ለእግዚአብሔር። ጉልበቴን ሳመ። አንገቱ በድንጋዩ ቀልቷል፣ ልጅ ነው ገና። ከእንግዲህ በዚህ ነገር ለምስክርነት በፊትህ አልቆምም በይ አሉኝ፣ አልኩ። እሱ አለቀሰ፣ ብሌን ከጓዳ ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ እኔም አለቀስኩ። የውሸት አልነበረም። ደረቴ ላይ የነበረ አንድ ነገር ሲለቅ ተሰማኝ።

ሰኞ፣ አፕሪል 4

አውቶቡስ። መስኮት ሥር ተቀምጫለሁ። ትናንት ያለቀስኩበት ዓይን እንዳበጠ ነው።

ሐበሻ መሆንሽን ባውቅ ኖሮ።

ከእኔ ፊት ለፊት አንዲት የሜክሲኮ ሴት የልጇን ሹራብ ትቆልፋለች። ከኋላ አንድ ጥቁር ሽማግሌ ያንቀላፋሉ። ሁለት ኮሪያውያን ያወራሉ። ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ።

ታዲያ ማን መስዬው ነው የደገነብኝ? ባለጋሪዋ ሴት ብትሆን ኖሮስ በአማርኛ አትጮህ፣ ምን ያድናታል?

ሽማግሌዎቹ ለምን ራሳቸውን ነቀነቁ? እኔስ ለምን አብሬ አለቀስኩ?

ሐሙስ፣ አፕሪል 7

ጋሼ ታ. ደወሉ። በደስታ። ጉድ ፈላ በይ።

ትናንት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አማቻቸውን ለአስተርጓሚነት ይዘው፣ ዐቃቤ ሕጓ ቢሮ ሄደዋል። ማንም ሳይጠራቸው! ነገሩ በሽምግልና አልቋል ብለው ሊነግሯት። ልጁ ጥፋቱን አምኗል፣ ስልክ አይደለም ሽጉጥ ነው ብሏል፣ ድንጋይ ተሸክሟል፣ ተበዳይ ይቅር ብላለች፣ እንግዲህ መዝገቡን ዝጊልን። ሁሉንም፣ አንድ ሳያስቀሩ።

ዐ/ሕጓ ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው። ወንበር ሰጠቻቸው። እያንዳንዱን ነገር ጻፈች፣ የስማቸውን አጻጻፍ ሳይቀር ጠየቀች። ስትሸኛቸው እስከ ሊፍት ድረስ ሄደች።

«እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ መሰለችሽ» አሉኝ።

ምን እንዳደረጉ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፣ ደስታቸውን ሰማሁ፣ ዘጋሁት።

ሰኞ፣ አፕሪል 11

መጥሪያ። ለእኔ። ለጋሼ ታ.ም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሻል ይኸው ነው።

ዐ/ሕጓ በአስተርጓሚ አነጋገረችኝ። ያስፈራራሽ አለ ወይ አለች። የለም፣ ለመኑኝ አልኩ። ልመናና ማስፈራራት የት እንደሚለያይ ልታውቅ ፈለገች፣ ለእኔም ግልጽ ስላልሆነ ማስረዳት አልቻልኩም። ይቅር ብዬዋለሁ አልኳት። መልካም ነገር ነው አለች፣ ክሱን ግን አይነካውም። ሄኖክ እዚያ ቤት የተናገረው ቃል ግን ማስረጃ ነው። ክሱ የተንጠለጠለው በእኔ ቃል ብቻ ነበር፣ ስልክ ነው ካለ የእኔ ዓይን ከእሱ ምላስ ጋር ይፋጠጣል። አሁን በገዛ አፉ አምኗል። ያናዘዝነው እኛ ነን።

ብሌንም ደወለች። አላለቀሰችም። ሽምግልና ብላችሁ ባሌን አናዝዛችሁ ሸጣችሁት፣ ከመጀመሪያው አስባችሁበት ነው አለችና ዘጋችው። መልሼ ደወልኩ፣ አላነሳችም። እውነቷን ነው ልል ፈለግሁ። እውነቷን አይደለም ልልም ፈለግሁ።

ሐሙስ፣ አፕሪል 14

ጋሼ ታ. ብቻቸውን መጡ። በሳምንት ውስጥ እንዲህ ይታረጃል? ሻይ አቀረብኩ፣ አልነኩትም። በሽምግልና ላይ የተነገረ ከሽምግልና አይወጣም፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ አሉ። ልጁ አምኖን ነው የተናገረው። አሁን በእሱ ቃል እሱን ልናሳስረው ነው። ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ሽማግሌ ብሎ ማን ይጠራኛል።

ፍርድ ቤት ምን ልትዪ ነው አሉኝ። አላውቅም አልኩ። እውነት አላውቅም ነበር። ከዚያ ሳምንቱን ሁሉ የከነከነኝን አወጣሁት።

«ጋሼ፣ ሐበሻ ባልሆንስ ኖሮ?»

«ሐበሻ ነሽ እኮ ልጄ።»

«አይደለሁም እንበል። ያቺ ባለጋሪዋ ነኝ እንበል።»

የሻይ ሲኒውን አዩት። ወንድ ልጅ ሲናደድ ያላሰበውን ያደርጋል፣ ቃሉን እንዲህ አትሰንጥቂው አሉኝ። አልገባቸውም፣ ወይም ገብቷቸው ሊሰሙት አልፈለጉም። የትኛው እንደሚከፋ አላውቅም። ሲወጡ ደረጃው ላይ ደገፍኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝ። የምወዳቸው ሰው ናቸው፣ ዛሬ ግን ተናድጄባቸዋለሁ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል ለካ።

ማክሰኞ፣ አፕሪል 19

ነገ ነው። አሮጊቷን ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ፍ/ቤት መሆኑን ነገርኳቸው። ምን ሆነሽ ነው አሉ። ሽጉጥ ደግነውብኝ አልኩ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ፣ እጄን ያዙ፣ ፈርተሽ ነበር ወይ አሉኝ። የሰማንያ ሰባት ዓመት ሴት፣ ስሜን እንኳ በትክክል የማይጠሩ። ከዘመድ ሁሉ እሳቸው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ምን እንደምል ዛሬም አልወሰንኩም። ዝም ብል ብሌን ቤቷ አይፈርስም። ዝም ብል ሱቁ ውስጥ ዓይኔን ያዩኛል። በዚያ ላይ በፊትህ አልቆምም ብያለሁ፣ በእግዚአብሔር ስም ነው ያልኩት። ነገ ደግሞ በዚያው በእግዚአብሔር ስም እጄን አንሺ ይሉኛል።

ረቡዕ፣ አፕሪል 20። ጠዋት፣ ፍ/ቤት ኮሪደር

አግዳሚ ላይ ነኝ፣ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬሽ እጽፋለሁ። ብሌን ከፊት ለፊት ናት። ነጠላዋን እስከ አፏ ስባዋለች። አታየኝም። ምስክሮች ውጭ ቆዩ፣ እርስ በርስ አትነጋገሩ ተብለናል።

ጋሼ ታ.ን አስቀደሟቸው፣ ዕድሜያቸውን አይተው። አስተርጓሚዋ ልጅ እግር ናት፣ አንተ እያለች ነው ይዛቸው የገባችው። ሌላ ቀን ቢሆን ይገሥጿት ነበር።

ቆዩ። ወጡ። ግድግዳውን ይዘው ነው የሚሄዱት። አጠገቤ ሲደርሱ መነጽራቸውን የሚጠርጉ መስለው ቆሙ፣ ወደ እኔ ሳያዩ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም ብያለሁ። ጆሮዬ ይደክማል ብያለሁ። ልጁ ያለቅስ ነበር፣ ያለውን አልሰማሁም አልኩ። እንግዲህ ያንቺ ነው።»

ሄዱ።

ቀኝ እጃቸውን አንስተው ዋሹ! ጋሼ ታ.! በሐሰት ከሚምል ሰው ጋር በአንድ ገበታ አልቀመጥም የሚሉት። ስለ እኔ ሰው ቢጠይቃቸው ለእኔም ይዋሹልኝ ነበር፣ አውቃለሁ። ደግነታቸው ነው። አናደደኝ። አሳዘነኝ። መንገዱን ጠርገው ነው የሄዱት፣ እኔ ተከትዬ እንድሄድበት። እሱ ስልክ ነው ይላል፣ እሳቸው አልሰማሁም፣ እኔም አላየሁም፣ አልሰማሁም ካልኩ አለቀ። እውነቱን ካልኩ ልጁን ብቻ አይደለም። እሳቸውን ነው። በመሐላ መዋሸትም በዚህ ስቴት ሕግ አለው።

ብሌን አሁን አየችኝ። ዓይኗ ይለምናል። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም።

ይቅር ያልኩት ከልቤ ነው፣ አልመልሰውም። ግን ይቅር ማለት የምችለው የእኔን ነው። እሱ የደገነው እኔ ላይ አልነበረም፣ ራሱ ነግሮኛል። እዚያ መንገድ ላይ ነገም የምትሻገረዋ፣ ነገም ቆማ የምታሳልፈዋ፣ በሌላ ቋንቋ የምትጮኸዋ ላይ ነው። ስለ እሷ ይቅር ለእግዚአብሔር የምል እኔ ማን ነኝ? ማንም ሽማግሌ እሷን አልለመናት።

በሩ ተከፈተ። ስሜን አጣመው ጠሩ።

እናገራለሁ። ያየሁትን፣ እሱም ያለውን፣ ቃል በቃል። ሽማግሌው የት ነበሩ ብለው ከጠየቁኝም እናገራለሁ፣ ከልጁ በክንድ ርቀት ነበሩ፣ ራሳቸውንም ነቀነቁ፣ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ...